የቤታችሁን ፕላን በስልክ ስትሠሩ፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ቁጥሩን እዩት

(በስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር፤ መምጣት ላልቻላችሁ በጽሑፍ የቀረበ)

ከሰብያ፣ ከአቡ አሪሽና ከሳምታ ድረስ የመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። ማዳም አልፈቀደችልኝም ብለው የቀሩም አሉ፤ ይህ ንግግር በጽሑፍ ለነሱም ይድረስልን።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት በስልክና በላፕቶፕ ስለሚሠራ የቤት ፕላን ነው። አገር ቤት ሳለሁ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ድራፍቲንግ ተምሬያለሁ፤ እዚህ ግን እንደናንተው የሰው ቤት ነው የምሠራው። ታዲያ ይህን የሰማ ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደኔ ይመጣል። «ግድግዳው አልገጥም አለኝ»፣ «ፋይሉ አልከፈት አለ»፣ «ትናንት የሠራሁት ዛሬ የለም»። ጥያቄው ተመሳሳይ ስለሆነ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ብዙዎቻችን ይህን የጂዛን ሙቀት የምንችለው ኮምቦልቻም ይሁን ወልዲያ፣ ከሚሴም ይሁን ባቲ፣ አንድ ቤት እናቆማለን ብለን ነው። እኛ እንልካለን፤ ወንድም ወይም አባት ያሠራል። ግድግዳ ያለቦታው ተሠርቶ ቢፈርስ ስንት ይሆናል? ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ ግድግዳ 12 ካሬ ነው። ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ያህል ብሎኬት ይገባል። 150 ብሎኬት ማለት ነው፤ ሲሚንቶው፣ አሸዋውና የግንበኛው ዋጋ ሳይቆጠር። በወር 1,000 ሪያል ለምታገኝ እህት ይህ የስንት ቀን ልፋት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

እና ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ፕሮግራሙ የነገራችሁትን ይሥላል እንጂ «ልክ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቃችሁም። በስሪ ዲ የሚታየው ሥዕል ያምራል፤ ግንበኛው ግን ገመድ የሚወጥረው በቁጥሩ ነው። ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምታዩት ቁጥሩን ይሁን።

አንደኛ፣ መለኪያው። ፕሮግራሙ ስልካችሁ ላይ ሲጫን በፊትና በኢንች ሊመጣ ይችላል። አንድ ፊት 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። «12» ብላችሁ የጻፋችሁት 12 ፊት ከሆነ 3 ሜትር ከ66 ሴንቲ ገደማ ብቻ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሜትሪክ» የሚለውን ምረጡ። ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ፤ ልኩን የምታውቁትን ዕቃ ክፍሉ ውስጥ አስገቡ። ባለ 1.50 አልጋ አምጥታችሁ ሳሎኑ ውስጥ ስታስቀምጡት የአሻንጉሊት አልጋ ከመሰለ፣ ወይም ክፍሉን በሙሉ ከሞላው፣ አንድ ቦታ መለኪያ ተቀላቅሏል። መሐንዲስ በአውቶካድ የሠራውን ፋይል ስትከፍቱም እንዲሁ ነው። ቤቱ 25 እጥፍ ያህል ከተለቀ ወይም ካነሰ ሚሊ ሜትርና ኢንች ተቀላቅለዋል ማለት ነው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነውና። ግድግዳውን በእጅ መጎተት አይጠቅምም፤ መለኪያውን አስተካክሎ እንደገና መክፈት ነው።

ሁለተኛ፣ የግድግዳው ውፍረት። ይህ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው። ላፕቶፕ ላላችሁ ስዊት ሆም 3ዲ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እሱ ምንም ካልነገራችሁት ግድግዳውን 7.5 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ይሥላል። የኛ አገር ብሎኬት ግን 10፣ 15 ወይም 20 ሴንቲ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። ከውጭ እስከ ውጭ 8 ሜትር የሆነ ቤት፣ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል አለው እንበል። የውጩ ግድግዳ በሁለቱም በኩል 20፣ መሐሉ 15፤ ሲደመር 55 ሴንቲ። ፕሮግራሙ ግን ሦስት ጊዜ 7.5 ብሎ 22.5 ይይዛል። ልዩነቱ 32.5 ሴንቲ ነው። ይህ ልዩነት ከክፍላችሁ ላይ ይቀነሳል፤ ልስኑ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ቁም ሣጥኑ በስልክ ላይ ገጥሞ ቤቱ ውስጥ የማይገጥመው በዚህ ነው። መፍትሔው፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውፍረት የሚለውን መቀየር ነው። ወንድማችሁ ልክ ሲልክላችሁም «ከውስጥ ለውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ለውጭ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ በእጅ የተሣለ ንድፍ ወይም የቦታ ካርታ በፎቶ ሲላክላችሁ። ስዊት ሆም 3ዲ ፎቶውን ከሥር አንጥፎ ከላዩ እንድትሥሉ ያደርጋል። ሲያስገባው በፎቶው ላይ አንድ መስመር እንድታሰምሩና ርዝመቱን እንድትጽፉ ይጠይቃል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። አጭሩን መስመር፣ የበሩን ስፋት ምናምን አትምረጡ፤ ረጅሙን የቦታ ወሰን ምረጡ። በአጭር መስመር ላይ የተሠራች ትንሽ ስሕተት ወደ ረጅሙ ስትሄድ ታድጋለች። ፎቶው ከጎን ተነስቶ ከሆነ ደግሞ አንዱ ጫፍ ሰፍቶ ሌላው ይጠባል። «ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርጋው፤ ከላይ ቀጥ አድርገህ አንሳው» በሉት። የተላከውም ምስል ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ በምስል መልክ ከመጣ ይጨመቅና ቁጥሩ አይነበብም።

አራተኛ፣ «የክፍሉ ካሬ አልወጣም» የምትሉት። ፕሮግራሙ ካሬ የሚያሰላው አራቱም ግድግዳ ከተዘጋ ነው። በዓይን የተዘጋ ይመስላል፤ ማዕዘኑን አጉልታችሁ ስታዩት ግን ክፍተት አለ። ጫፉን ጎትታችሁ አገናኙት። ሌላው ደግሞ በአንዱ ላይ ሌላ ግድግዳ ደርበው የሚሥሉ አሉ፤ ትርፉን አጥፉት።

አምስተኛ፣ ቁጥር አልቀበል ሲል። ስልካችን በዐረብኛ ስለሆነ ኪቦርዱ የዐረብኛ ቁጥር ይጽፋል፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ይህን አያውቀውም። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት። ነጥብና ኮማም ይለያያሉ፤ 3.5 አልቀበል ካለ 3,5 ሞክሩ። ይህም ካልሆነ በሴንቲ ሜትር 350 ብላችሁ ጻፉት፤ ነጥቡ ቀረ፣ ችግሩም ቀረ።

ስድስተኛ፣ ስልኩ ሲንቀራፈፍና ሲዘጋ። ስሪ ዲ ለስልክ ከባድ ነው። ግድግዳ፣ በርና መስኮት ስትሠሩ ከላይ በሚታየው ፕላን ላይ ሥሩ፤ ስሪ ዲውን መጨረሻ ላይ ክፈቱት። ሶፋና መጋረጃ ከመደርደራችሁ በፊት ዋናውን ጨርሱ። ፕላነር 5ዲ በነፃው ብዙ ዕቃ ይቆልፍባችኋል፤ ለግድግዳ፣ ለበርና ለመስኮት ግን የተቆለፈው ሶፋ አያስፈልጋችሁም። «ለሳምንት በነፃ ሞክሩ» ብሎ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ካለ እለፉት፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ራሱ መቁረጥ ይጀምራል። የማዳምን ካርድማ በጭራሽ አትንኩ።

ሰባተኛ፣ ፋይል አልከፈት ሲል። መሐንዲሱ የሚልከው ብዙ ጊዜ ዲደብሊውጂ የሚባል የአውቶካድ ፋይል ነው። ስልክ ላይ እንዲሁ አይከፈትም። መሐንዲሱን «በፒዲኤፍ ላክልኝ፣ ልኩ ሁሉ የተጻፈበት ይሁን» በሉት። ላፕቶፕ ላይ አውቶካድ እያለ አልከፍት ካለ፣ ፋይሉ በአዲስ አውቶካድ ተሠርቶ ያላችሁ የድሮው ይሆናል፤ በድሮው ዓይነት ሴቭ አድርጎ ይላክላችሁ። የአማርኛው ጽሑፍ የጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነባችሁ ፋይሉ አልተበላሸም። ቪዥዋል ግዕዝን በመሰለ የድሮ ፊደል ተጽፎ ነው፤ ስልካችሁ ያ ፊደል የለውም። ይህም በፒዲኤፍ ይፈታል። በወረቀት ስታሳትሙ ደግሞ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን አጥፉ። በ1 ለ 100 በተሠራ ፕላን 4 ሜትር 4 ሴንቲ ሆኖ መውጣት አለበት፤ በማስመሪያ ለኩት። ካልሆነ ያንን ወረቀት ለግንበኛ አትስጡት።

ስምንተኛ፣ የሠራችሁት እንዳይጠፋ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ብዙዎቻችን ኢሜይል የከፈተልን የሞባይል ሱቅ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን እሱ ያውቀዋል፣ እኛ አናውቀውም። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲቀየር ፕላኑም፣ የልጆቻችን ፎቶም አብሮ ይሄዳል። የራሳችሁን ኢሜይል ክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉን በአማርኛ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። መልሶ ማግኛ ተብሎ የሚመዘገበው ስልክ ቁጥር ደግሞ የአገር ቤት ይሁን፣ የእናት ወይም የእህት። የሳዑዲው ሲም በኢቃማና በጣት አሻራ የተያዘ ነው፤ ከአገር ስንወጣ ይዘጋል። በሌላ ሰው ስም ሲም የያዛችሁ ደግሞ ባለቤቱ በፈለገው ቀን ሊዘጋባችሁ ይችላል። ድንገት ተይዞ፣ ስልኩ እዚህ ቀርቶ፣ ባዶ እጁን አገር የገባ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ክፍል በጨረሳችሁ ቁጥር ፋይሉን ለቤተሰብ ላኩ። ሲልኩም «ፕላን አዲስ፣ ፕላን የመጨረሻ» አትበሉት፤ ቀኑን ስሙ ላይ ጻፉ። ወንድም የድሮውን ይዞ መሠረት እንዳያስቆፍር።

ዘጠነኛ፣ በካሜራ ክፍል የሚለኩ ፕሮግራሞች። የማዳም ወጥ ቤት አምሮን እንደሱ እንሥራ የምንል አለን። ምኞቱ ነውር የለበትም፤ ስልክ አንስቶ የሰውን ቤት መቅረጽ ግን አደጋ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳዑዲ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ ያስቀጣል። እኔ ለወጥ ቤት ነበር ያነሳሁት ብሎ ማስረዳት በዐረብ አገር ቀላል አይደለም። ካማራችሁ በዓይናችሁ ያዙት፤ ማታ ከክፍላችሁ ሆናችሁ ሣሉት። ደግሞም የጂዛን ቤት የተሠራው ለሙቀት፣ ለኤሲና ለሁለት መጅሊስ ነው። ደሴ ላይ ማታ ብርድ ነው፤ የሚያስፈልገን ጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት ነው። ፕሮግራሙ ላይ ሰሜንን የሚያሳይ ምልክት አለ፤ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ቤተሰብ ጠይቃችሁ እሱን አስተካክሉ።

በመጨረሻ፣ ፕሮግራሙ የማያውቀውን ልንገራችሁ። መሬቱ ዋልካ ይሁን ድንጋይ አያውቅም። ስንት ብረት እንደሚገባ፣ መሠረቱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ አያሰላም። ጂ ፕላስ አንድ በስልክ መሥራት አምስት ደቂቃ ነው፤ ተሸክሞ የሚያቆመውን ግን መሐንዲስ ነው የሚያውቀው። የማዘጋጃ ቤቱም የግንባታ ፈቃድ በስልክ ሥዕል አይወጣም። እናንተ የምትሠሩት ሥዕል የሚጠቅመው ፍላጎታችሁን ለመሐንዲሱ ለማስረዳትና የሚላክላችሁን አይታችሁ ለመጠየቅ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። «አንቺ ሴት ነሽ፣ ሩቅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» ለሚል ሰው «የመኝታ ቤቱ ውስጡ 3 ሜትር ከ40 ነው፣ ለምን 3 ሜትር ከ10 ሆነ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነገሩ ሌላ ነው።

ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት እንግዲህ ሦስት ነገር ጠይቁ። ቦታው በሜትር ተለክቶ የአራቱም ጎን ቁጥር ደርሶኛል ወይ? ፕላኑ ላይ ያለው ልክ ከዚያ ጋር ይገጥማል ወይ? የተቆፈረው መሠረት ሜትር ተዘርግቶበት በፎቶ ታይቷል ወይ? ሦስቱ ከተሟሉ ላኩ። ካልተሟሉ አንድ ሳምንት መቆየት ቤት አያፈርስም።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ስልካችሁን ይዛችሁ ወዲህ ቅረቡ፤ ቻርጀርም አምጥቻለሁ። መምጣት ያልቻላችሁ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ ማታ ሥራ ስጨርስ እመልሳለሁ። ሁላችንንም በሠራነው ቤት ደጃፍ ቡና አፍልተን ለመጠጣት ያብቃን።