የከርነል ፋይልና ጠቋሚ ስሙ



በዴቢያን ሊኑክስ ዋና ማውጫ ላይ «ቪኤምሊኑዝ» የሚባል ስም ይገኛል። ስሙ ግን ራሱ ከርነል አይደለም፤ በ«ቡት» ማውጫ ውስጥ ወዳለው፣ የእትም ቁጥር ወደ ተጻፈበት እውነተኛ ፋይል የሚያመለክት ሲምቦሊክ ሊንክ ነው። አዲስ ከርነል ሲጫን ሊንኩ ወደ አዲሱ ይዞራል።

ታዲያ ሊንኩን ማዞር ብቻውን ይበቃልን? ነገሩ የሚወሰነው አስነሺው ፕሮግራም ሊንኩን በሚያነብበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድገቱ የተቋረጠው ሊሎ የፋይል ሥርዐትን ማንበብ አያውቅም ነበር። ትእዛዙ በተሰጠው ጊዜ ሊንኩን ተከትሎ ከርነሉ የሰፈረባቸውን የዲስክ ብሎኮች ይመዘግባል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚያየው ይህንኑ መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሊንኩ ዞሮ ትእዛዙ ካልተደገመ የሚነሣው አሮጌው ከርነል ይሆናል። አሮጌው ተሰርዞ በቦታው ሌላ ነገር ከተጻፈበትማ ማሽኑ ጨርሶ አይነሣም። ክፋቱ፣ ጥፋቱ የሚገለጠው በዕለቱ ሳይሆን ምናልባት ከወራት በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መሆኑ ነው።

ግሩብ የፋይል ሥርዐቱን ራሱ ስለሚያነብ ሊንኩን የሚከተለው በመነሻው ሰዓት ነው። ይሁንና «ቡት» በተለየ የዲስክ ክፍል ላይ ካለ፣ በዋናው ማውጫ ያለው ሊንክ ወደዚያ አያደርሰውም፤ ክፍሎቹን አገናኝቶ አንድ ዛፍ የሚያደርጋቸው ሥርዐት ገና አልተነሣምና።

«ኢኒትአርዲ» የተባለው የመነሻ ፋይልም የከርነሉ ጥንድ ነው። የአንዱ ሊንክ ዞሮ የሌላው በአሮጌው ላይ ከቀረ፣ ከርነሉ ይነሣና ለእትሙ የሚስማማ የዲስክ ሞጁል በማጣት ከመንገድ ሊቆም ይችላል።