ለሙያ ፈቃድ ምዘና የጥናት ጊዜን ስለ መደልደል



ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው አራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የመምህራን የሙያ ፈቃድ አሰጣጥና እድሳት ከታቀደ ወዲህ፣ ሌሎችን ሲፈትን የኖረው መምህር ራሱም ለፈተና የሚቀመጥ ሆኗል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ምዘናው ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ክርክር መግባት ሳይሆን፣ መምህሩ የክፍል ሥራውን ሳይበድል እንዴት ሊያጠና እንደሚችል ማመልከት ነው።

ተማሪዎቻችንን «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆንባቸው እንመክራለን፤ የራሳችን ተራ ሲደርስ ግን መጽሐፍ የምንገልጠው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ፈጥኖ እንደሚረሳ፣ በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የተደገመው ግን ይበልጥ እንደሚጸና አሳይቷል። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሙከራ ደግሞ፣ ምንባቡን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብልጫ ቢያሳዩም፣ ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 42 ከመቶውን ብቻ ነበር፤ ምንባቡን ዘግተው የሚያስታውሱትን የጻፉት ግን 56 ከመቶውን አስታውሰዋል።

ከዚህ በመነሣት የአሥራ ሁለት ሳምንት ዕቅድ እናውጣ። በአምስት ምሽቶች አንድ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ቢያዝ በሳምንት 7፣ በጠቅላላው 84 ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ በትምህርት ዓይነቱ ዕውቀትና በማስተማር ዘዴ ራሱን ፈትኖ ደካማ ጎኑን ይለያል። በቀጣዮቹ ስምንት ሳምንታት ሦስቱን ምሽት ለደካማው፣ ሁለቱን ለሌላው ይሰጣል፤ ቅዳሜ መጽሐፉን ዘግቶ የሳምንቱንም የቀደመውንም በጽሑፍ ራሱን ይጠይቃል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት በሰዓት ለተወሰነ ልምምድ ይውላሉ። ፈተና የሚታረምበት ሳምንት አስቀድሞ ተለይቶ ሰዓቱ ይቀነስ፤ የጎደለውም በሌላ ቅዳሜ ይካካስ።

ሆኖም ምሽቱ የሁሉም አይደለም። ከትምህርት ቤት መልስ የቤቱ ሥራና የልጆች እንክብካቤ የሚጠብቃት መምህርት፣ ትምህርት ቤቷ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ፣ ከፈረቃዋ ውጭ ካለው ግማሽ ቀን አንድ ሰዓት ብትወስድ ይሻላታል፤ ርእሰ መምህሩም ጸጥታ ያለው ክፍል ሊያዘጋጅላት ይገባል።

በመጨረሻም አንድ ድንበር አለ። የጥናቱ ሰዓት ከትምህርት ዝግጅት ሰዓት ላይ መቆረስ የለበትም። የነገውን ትምህርት ሳያዘጋጅ ለፈቃድ የሚያጠና መምህር፣ ፈቃዱ የሚመሰክርለትን ሙያ አስቀድሞ አጉድሏልና።