የወደቀው ሙከራ የነገረኝ፦ የሙከራ ማዕቀፍ ስንቀይር የጋራ ቅድመ ዝግጅት ምን ይሆናል?



የዛሬው ንግግሬ፣ ዩኒት ቴስት የምንላቸውን ሙከራዎች ከአንድ ማዕቀፍ ወደ ሌላ ስናዛውር በጋራ የሚጠቀሙበት ቅድመ ዝግጅት ምን እንደሚሆን ይመለከታል። ርእሱ ለባለሙያ ብቻ የተተወ ይመስላል፤ እኔ ግን ትምህርቱን ያገኘሁት ዋሂል ላይ፣ በሰዎች ፊት አፍሬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በድሬዳዋ ገጠር የቦኖ ውኃ ተጠቃሚ ቤተሰቦችን የሚመዘግብ አነስተኛ ፕሮግራም ጻፍሁ። ፕሮግራሙ አንድን ቤተሰብ ከመመዝገቡ በፊት የሚኖርበት ስፍራ፣ ዋሂልም ይሁን ቢዮ አዋሌ፣ በአካባቢዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጣል። ሙከራዎቹን የጻፍሁት በኤንዩኒት ነበር፤ ኋላ ወደ ኤክስዩኒት ላዛውራቸው ወሰንሁ።

ሁለቱ ማዕቀፎች በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያያሉ። ኤንዩኒት በተለመደው አሠራሩ ለአንድ የሙከራ ክላስ አንድ ኦብጀክት ፈጥሮ የክላሱን ሙከራዎች ሁሉ በእርሱ ላይ ያካሂዳል፤ ስለዚህ አንዱ ሙከራ በኦብጀክቱ ላይ ትቶት የሄደውን ቀጣዩ ያገኘዋል። ኤክስዩኒት ግን ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ኦብጀክት ይፈጥራል፤ ቅድመ ዝግጅቱ በኮንስትራክተር፣ ማጽዳቱ ደግሞ በዲስፖዝ ይከናወናል። ልዩነቱ ታስቦበት የመጣ ነው። ከኤንዩኒት 2 ጸሐፊዎች አንዱ የሆኑት ጄምስ ኒውከርክ አንዱን ኦብጀክት ለሁሉም ማጋራት ስሕተት እንደ ነበር በይፋ ጽፈዋል፤ ከብራድ ዊልሰን ጋር ኤክስዩኒትን ሲሠሩም ይህንኑ አርመዋል። ከቴስትኤንጂ ወደ ጄዩኒት የሚሻገር ሰውም ተመሳሳይ ልዩነት ይገጥመዋል።

ሙከራዎቹን ባዛወርሁ ዕለት፣ ቀድሞ ያልፍ የነበረ አንድ ሙከራ ወደቀ። የዋሂል ነዋሪ የሆነ ቤተሰብ በትክክል መመዝገቡን የሚፈትሸው ነበር። ዝርዝሩን ይሞላለት የነበረው ከእርሱ ቀድሞ የሚካሄድ ሌላ ሙከራ ኖሯል። እኔም ጥፋቱን በአዲሱ መሣሪያ አሳብቤ ዝርዝሩን ስታቲክ አደረግሁት፤ በክላሱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ እንዲሞላም አዘዝሁ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ።

ፕሮግራሙን በአዲስ ላፕቶፕ ጭነን ዋሂል ስንደርስ የመጀመሪያዋን እናት መመዝገብ አቃተው። ዝርዝሩ ባዶ ነበር። ለካ ፕሮግራሙ ዝርዝሩን በራሱ ሞልቶ አያውቅም፤ በእኔ ኮምፒውተር ላይ አስቀድሜ በእጄ ሞልቼው ነበር፣ በሙከራው ደግሞ ቅድመ ዝግጅቱ ይሞላው ነበር። ጀሪካናቸውን ይዘው ከማለዳ የተሰለፉት እናቶች በዚያን ዕለት የተመዘገቡት በወረቀት ነው። የወደቀው ሙከራ ይህንኑ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ማዕቀፍ ስቀይር አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል እሠራለሁ።

አንደኛ፣ ከማዛወሬ በፊት በነባሩ ማዕቀፍ እያንዳንዱን ሙከራ ለብቻው አስኬዳለሁ። ከሌሎች ጋር አልፎ ብቻውን የሚወድቅ ሙከራ ከጎረቤቱ የተበደረው ነገር አለ።

ሁለተኛ፣ ስለ እያንዳንዱ የጋራ ነገር ማን እንደሚያነበውና ማን እንደሚለውጠው እጠይቃለሁ። አንድም ሙከራ ቢሆን የሚለውጠው ከሆነ፣ ለየሙከራው በኮንስትራክተሩ እንደ አዲስ ይዘጋጃል።

ሦስተኛ፣ ለመዘጋጀት ጊዜ የሚወስደውንና ማንም የማይለውጠውን ብቻ አጋራለሁ። ኤክስዩኒት ለአንድ ክላስ የክላስ ፊክስቸር፣ ለብዙ ክላሶች የኮሌክሽን ፊክስቸር አለው። ልብ በሉ፤ ኤክስዩኒት የተለያዩ ክላሶችን በተለመደው አሠራሩ ጎን ለጎን ያስኬዳል። ስለዚህ ብዙ ክላሶች የሚለውጡት ስታቲክ ነገር ዛሬ የሚያልፍ፣ ነገ የሚወድቅ ሙከራ ይወልዳል። በፓይተስትም የፊክስቸሩን ወሰን ስንመርጥ ለአንድ ሙከራ ብቻ ከሚሆነው ጠባቡ ወሰን መጀመር ይበጃል።

አራተኛ፣ ምንም ቅድመ ዝግጅት ሳይኖር ከባዶ የሚነሣ ቢያንስ አንድ ሙከራ እጽፋለሁ፤ አዲሱ ላፕቶፕ ዋሂል ላይ እንደ ተነሣው ማለት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ የነባሩን ማዕቀፍ ትእዛዝ በአዲሱ ትእዛዝ መተካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከመተካታችሁ በፊት ግን ይህን ጠይቁ፦ ሙከራው የሚያዘጋጀውን ይህን ነገር፣ በእውነተኛው ፕሮግራም ውስጥ የሚያዘጋጀው ማን ነው? መልስ ካጣችሁ፣ ያገኛችሁት የፕሮግራሙን ጉድለት ነው። ሰው ተሰልፎ ሳይጠብቃችሁ በፊት አርሙት።