የቤት ውስጥ ሳሙና ለምን ይበላሻል? መንስኤውና መፍትሔው

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስንዴም ሆነ ስለ ሽንኩርት አይደለም፤ ከሞራና ከዘይት ስለምንሠራው ሳሙና ነው። አሠራሩን አስቀድማችሁ ሠልጥናችኋል። አሁን የምንነጋገረው ሥራው አልሳካ ሲል ምን እንደምናደርግ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሴቶች ቡድን ሳሠለጥን ሚዛን ስላልነበረን የኮስቲክ ሶዳውን መጠን በኩባያ ነገርኳቸው። እኔ ያሳየኋቸው ቅርፊት ቅርፊት የሆነውን ነበር። እነሱ በኋላ ከገበያ የገዙት ደግሞ ደቃቁን ነው፤ ያው ኩባያ ብዙ ያዘ። ሳሙናው ሲታይ ነጭና ጠንካራ፣ የሚያምር ነበር። የገዙት ጎረቤቶች ግን እጃቸው ተላጠ። ቡድኑ ገንዘባቸውን መለሰላቸው፤ የጎረቤት አመኔታ ግን እንደ ገንዘቡ ቶሎ አልተመለሰም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ኮስቲክ ሶዳ በሚዛን እንጂ በኩባያ አይለካም።

ትክክለኛው መጠን

ለ1 ኪሎ ግራም የቀለጠና የተጣራ የከብት ሞራ 133 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይበቃል። ለፓልም ዘይት 134 ግራም፣ ለሱፍ ዘይት 128 ግራም ነው። ውሃው 350 ግራም ገደማ ይሁን። ይህ መጠን ትንሽ ስብ ሳይለወጥ እንዲቀር የሚያደርግ ስለሆነ ለእጅ ይስማማል። ዘይት ስትቀይሩ መጠኑም እንደሚቀየር አትርሱ።

ከሥራው በፊት ጥንቃቄ

ምንጊዜም ኮስቲክ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን በኮስቲክ ሶዳው ላይ በጭራሽ አታፍስሱ፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሙ፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። የማይዝግ ብረት ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል። የላስቲክ ጓንትና የዓይን መነጽር አድርጉ፤ ሥራው ነፋሻ ቦታ ይሁን።

ቆዳ ወይም ዓይን ላይ ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡ። በሎሚ ወይም በአቼቶ አበርዳለሁ ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ። ዓይን ከሆነ ካጠባችሁ በኋላ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ልጅ ከዋጠው እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የተረፈውን በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ሕፃን የሚያየው መጠጥ ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አንደኛ፦ አልወፍር ካለ

ድብልቁ እንደ አጥሚት ሊወፍርና የማማሰያው ዱካ ላዩ ላይ ሊታይ ይገባል። ካልወፈረ መጀመሪያ ማማሰሉን ቀጥሉ፤ የሱፍ ዘይት ከሞራ ይዘገያል። ከዚያ የገዛችሁትን ነገር መርምሩ። በእኛ በስምጥ ሸለቆ ከአቢጃታ ሐይቅ ውሃ ሶዳ አሽ ሲመረት ኖሯል። ሶዳ አሽም እንደ ኮስቲክ ሶዳ ነጭ ነው፤ ሞራን ግን እንደ እሱ ወደ ሳሙና አይለውጥም። መለያው ይህ ነው፦ ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን አጥብቆ ያሞቀዋል፤ ሶዳ አሽ ግን ጥቂት ብቻ ያሞቃል። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ኮስቲክ ሶዳም እርጥበትና አየር ስቦ ይደክማል።

እንደ አሰላ ባለ ብርዳማ ቦታ ደግሞ ሞራው በብርድ ብቻ ረግቶ የወፈረ ይመስላል። ሁለቱም ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲበርዱ ቀላቅሉ፤ ከረጋም ትንሽ አሙቃችሁ አማስሉ።

ሁለተኛ፦ ዘይቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች ከቀረ

ሳይወፍር ወደ ቅርጽ ማውጫው ተገልብጧል ማለት ነው። የታችኛው ውሃ እጅ ያቃጥላልና ጓንት አድርጋችሁ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሱ። በዝግታ እሳት እያሞቃችሁ እስኪዋሃድ አማስሉ።

ሦስተኛ፦ ከለሰለሰ

ውሃ በዝቷል፣ ኮስቲክ ሶዳ አንሷል፣ ወይም ፈሳሽ ዘይት ብቻ ተጠቅማችኋል። 4 ሳምንት ነፋሻና ጥላ ቦታ ደርድሩት። በሚቀጥለው ጊዜ ዘይቱን ከሞራ ጋር ቀላቅሉ።

አራተኛ፦ ከተሰነጣጠቀ፣ ከተፈረፈረ ወይም እጅ ካቃጠለ

ኮስቲክ ሶዳ በዝቷል። በምላስ አትቅመሱት። ትንሽ ቆርሳችሁ በውሃ አሟሙና በፒኤች ወረቀት እዩት፤ 10 አካባቢ የተለመደ ነው። 12 እና ከዚያ በላይ ካሳየ አትሽጡት። ቆራርጣችሁ ከጥቂት ውሃ ጋር በዝግታ እሳት አቅልጡትና የቀለጠ ሞራ ጨምሩ፤ ለእያንዳንዱ 13 ግራም ትርፍ ኮስቲክ ሶዳ 100 ግራም ገደማ ሞራ ያስፈልጋል። ትርፉን ካላወቃችሁ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ መርምሩ። ውስጡ ነጭ ጠጠር ወይም ፈሳሽ የቋጠረም እንዲሁ ተመልሶ ይቀለጥ። ላዩ ላይ ብቻ የሚታይ ስስ ነጭ ዱቄት ግን ከአየር ጋር በመገናኘት የሚመጣ ነው፤ ጥረጉት።

አምስተኛ፦ ከሸተተ ወይም ብጫ ነጠብጣብ ካወጣ

ሞራው አርጅቷል ወይም ሥጋና ደም ቀርቶበታል። ከቄራ ያመጣችሁትን በዚያው ቀን አቅልጡ። በጨው ውሃ አፍልታችሁ አጣሩና ሲረጋ የላዩን ብቻ ውሰዱ። ጨው ሳሙናውን ስለሚያበላሽ በንጹሕ ውሃ አንድ ጊዜ ድገሙት።

ስድስተኛ፦ አረፋ ካላወጣ

ሳሙናውን ከመውቀሳችሁ በፊት ውሃውን ፈትኑ። በዝናብ ውሃ አረፋ አውጥቶ በጉድጓድ ውሃ ነጭ ዝቃጭ ከሠራ፣ የውሃው ካልሲየምና ማግኒዥየም በዝቷል። ለሳሙና መሥሪያ የክረምት ዝናብ ውሃ አጠራቅሙ።

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፦ ዛሬ የሰማችሁትን ነገ ጎረቤቶቻችሁ ከእናንተ ይማሩታል፤ ስህተታችንም አብሮ ይተላለፋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዙር ቀን፣ የሞራውን ክብደትና የኮስቲክ ሶዳውን ግራም በደብተር ጻፉ። ሳሙናው ሲበላሽ መንስኤውን የምታገኙት እዚያ ነው። ከ4 ሳምንት በኋላም አስቀድማችሁ በራሳችሁ እጅ ታጠቡበት፤ ከዚያ ለጎረቤት ሽጡ።