ከዘፈን ፊልሞቹ የተፋቁ ስሞች
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቀብር ወጪና ስለ ድንኳን ስንነጋገር ውለን አሁን ስለ ዘፈን ፊልም ማንሣታችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። እስቲ ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ ከእኛው መዝገብ ብዙ አይርቅም።

በሶቪየት ኅብረት በስታሊን ዘመን ሕዝቡን የሚያስቁና የሚያስጨፍሩ የዘፈን ፊልሞች ይሠሩ ነበር። ግሪጎሪ አሌክሳንድሮቭ ያዘጋጀውና በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሰርከስ» አንዱ ነው። ታሪኩ የአንዲት አሜሪካዊት የሰርከስ ተጫዋች ነው። ጥቁር ልጅ በመውለዷ ከአገሯ ተሳድዳ ሞስኮ ትገባለች። ክፉው ጀርመናዊ አለቃዋ ሊያዋርዳት ብሎ ልጁን በተመልካች ፊት ሲያወጣው ሕዝቡ በሰውዬው ይስቅበታል፤ ሕፃኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለም በየቋንቋው እሹሩሩ ይለዋል። ፕሮፓጋንዳ መሆኑን እያወቅን እንኳ ሆዳችን ባባ፤ ምን ይደረግ!

በይዲሽ ቋንቋ እሹሩሩ የሚለው ሰው ሰሎሞን ሚሆኤልስ ነው፤ በሞስኮ የአይሁድ ቲያትር መሪ ነበር። በጥር ወር 1948 እ.ኤ.አ. ሚንስክ ከተማ ላይ በመንግሥት ትእዛዝ ተገደለ። መኪና ገጨው ተባለና በታላቅ ክብር ተቀበረ። እኛ ስንት ቀብር ያየን ሰዎች ነን፤ ገዳዩ ራሱ ድንኳን የጣለበትን ቀብር ግን ማሰቡ እንኳ ይከብደናል። ኋላም የእሱ እሹሩሩ ከፊልሙ ተቆርጦ ወጣ፤ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው።

በ1938 የወጣው «ቮልጋ ቮልጋ»ም እንዲሁ ነው። የካሜራ ባለሙያው ቭላዲሚር ኒልሰን ፊልሙ ሳይታይ ታስሮ በጥይት ተገደለ፤ ስሙም ከፊልሙ ተፋቀ። ሰዉ ግን የሳቀው ኒልሰን ባነሣው ሥዕል ነበር።

የኢቫን ፒሪዬቭ «የኩባን ኮሳኮች» በ1950 ወጣ። ኩባ እንዳይመስላችሁ፤ ኩባን በደቡብ ሩሲያ ያለ የእህል አገር ነው። በፊልሙ ገበያው ጠግቦ፣ ሁሉም ይዘፍናል። በ1946ና በ1947 ግን ያ አገር በረሀብ ተቆልቶ ነበር። ክሩሽቼቭም በ1956 ባደረገው ንግግር ስታሊን ገጠሩን የሚያውቀው በፊልም ብቻ እንደ ነበረ ተናግሯል።

እኛስ? በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረ። ከመካከላችን የዘፈንንም ያጨበጨብንም አለን። ደስ ብሎን ነበር እኮ፤ አንካድ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጃቸውን ያጡ ጎረቤቶቻችን ግን ለቅሶ መቀመጥ ተከልክለው፣ ዘፈኑን ከቤታቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። እኛም አልሄድንላቸውም።

ስለዚህ ሬሳቸው ሳይገኝ፣ ወይም ለቅሶ ሳይደረግላቸው የቀሩት የአባሎቻችን ልጆች ስማቸው በእድራችን መዝገብ እንዲገባ፣ አንድ ቀን ድንኳን ተጥሎ እንድንቀመጥላቸው ለጉባኤው አቅርበናል። ስም የምታስመዘግቡ ቤተሰቦች ጸሐፊያችንን አነጋግሩ።