የበዓል ምላጭና የቆዳ ኪንታሮት
(ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተደረገ ንግግር)



በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው ደጋ፣ ለፋሲካም ሆነ ለዒድ የልጆች ራስ ይላጫል። እናት ደጅ ተቀምጣ አንዱን ልጅ ላጭታ ስትጨርስ «ና፣ አንተ ደግሞ» ብላ ሌላውን ትጠራለች። ቁንጮ የሚተውለትም በዚያችው ምላጭ ነው። መላጨቱን አንነቅፍም፤ የምንናገረው ስለ ምላጯ ነው።

ከልጆቹ አንዱ ኪንታሮት ቢኖረውስ? የቆዳ ኪንታሮት የሚመጣው በዓይን ከማይታይ ቫይረስ ነው። ሞለስከም የሚባል ሌላ ቫይረስም አለ፤ እርሱ የሚያወጣው የሚያብለጨልጭ፣ መካከሉ ጎድጎድ ያለ ትንንሽ እብጠት ነው። ምላጭ እብጠቱን ሲነካ ቫይረሱን ይዞ ይሄዳል፤ ባለፈበትም ቆዳውን ስለሚጭር በር ይከፍትለታል። ስለዚህ አንድ የነበረው ኪንታሮት በምላጩ መንገድ ተሰልፎ ይወጣል፤ ለወንድምና ለእኅትም ይተርፋል። ለመውጣት ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ግን ምላጩን የሚጠረጥር የለም።

ከዚህ የከፋም አለ። በምላጭ ላይ የቀረ ደም ኤች አይ ቪንና ጉበትን የሚጎዳውን ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ታዲያ ምላጩን በቀሚስ ጠርጎ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፤

1ኛ/ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አዲስ ምላጭ ይሁንለት። ለጢምም ለብብትም ቢሆን ባልና ሚስት በአንድ ምላጭ አይላጩ።

2ኛ/ እብጠት ያለበትን ቦታ ምላጭ አይንካው። ጸጉሩ ቆዳውን ሳይነካ በመቀስ ይከርከም።

3ኛ/ ጉድፍ ወይም አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው፣ ቁስሉ እስኪድን ቦታውን አይላጭ።

4ኛ/ ጸጉር አስተካካይ ቤት ስትሄዱ ምላጩ በፊታችሁ እንዲከፈት ጠይቁ። ይህ ነውር አይደለም።

5ኛ/ ያገለገለውን ምላጭ በጣሳ ከታችሁ ልጆች ከማይደርሱበት ጥልቅ ጉድጓድ ጣሉ።

ኪንታሮትን በምላጭ አትቁረጡ፤ የቁልቋል ወተትም አትቀቡ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ሞለስከም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር፣ የልጆች ኪንታሮትም አብዛኛው በ2 ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ከበዛ፣ ካመገለ ወይም ዓይን አጠገብ ከወጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የዐዋቂ ሰው ፊት በእብጠት ከተሞላ ሰውነቱ በሽታን የመከላከል ኃይሉ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

እንግዲህ ለበዓሉ ገበያ ስትወጡ ምላጭም በቤተ ሰባችሁ ቁጥር ግዙ።