ኩላሊት ሳይናገር ይደክማል፦ ኒኮቲን፣ የደም ዝውውርና ያልተጠየቀው ጥያቄ



ሁለቱ ኩላሊቶች ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛውን ያህል፣ በደቂቃ 1 ሊትር ገደማ ይቀበላሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያሉት 1 ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች በቀን 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ያጣራሉ፤ አብዛኛውንም ወደ ደም መልሰው ቆሻሻውን በሽንት ያስወግዳሉ። ይህ ሥራ የተመጠነ የደም ግፊትና ጤናማ የደም ሥር ይፈልጋል።

ኒኮቲን የሚያውከው ይህንኑ ሚዛን ነው። ከኩላሊት በላይ የሚገኙትን አድሬናል ዕጢዎች ቀስቅሶ አድሬናሊን እንዲለቁ ያደርጋል። የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ግፊትም ይጨምራል። የትምባሆ ጢስ ደግሞ የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። ማጣሪያው ሲላላ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት ማምለጥ ይጀምራል። የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሲያጨስ የኩላሊቱ አቅም ይበልጥ በፍጥነት ይቀንሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚሰማ ሕመም ላይኖር ይችላል፤ እብጠትና ድካም የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው።

በአሜሪካ የሚኖር አንድ አማርኛ ተናጋሪ በሕክምና ቀጠሮው «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አላጨስም» ሊል ይችላል። በየሳምንቱ መጨረሻ ሺሻ ቢስብም መልሱ ውሸት አይደለም፤ የጎደለው ጥያቄው ነው። የሺሻው ውኃ ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ኒኮቲኑን አያስቀርም፤ ከሰሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። አብዛኛው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ኒኮቲን አለው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል።

አንደኛ፣ የሕክምና ተቋማት ስለ ሲጋራ፣ ስለ ሺሻ፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ስለሚታኘክ ትምባሆ ለየብቻ ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች የሽንት አልቡሚንና የደም ክሬያቲኒን ምርመራ በየጊዜው ያግኙ። ምርመራዎቹ ቀላል ናቸው፤ ኩላሊት ያልተናገረውን ይናገራሉ።

ሦስተኛ፣ የአስተርጓሚ መብት በተግባር ይከበር። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት በነጻ እንዲያስተረጉሙ ያስገድዳል። ልጅ ለወላጁ ሲያስተረጉም አባት ስለ ሲጋራው፣ እናትም ስለ ሺሻዋ እውነቱን በልጃቸው ፊት ለመናገር ያፍራሉ። ያ ዝምታ ከኩላሊት ዝምታ ጋር ሲደመር ሕክምናን ያዘገያል።

ማጨስ ለማቆም የሚሰጡት የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ከማጨስ ጋር ሊምታቱ አይገባም። በሐኪም ምክር ለተወሰነ ጊዜ ሲወሰዱ ሰውን ከጢሱ ያላቅቃሉ። በስልክ ቁጥር 1-800-784-8669 ለማቆም የሚረዳ ነጻ ምክር ይገኛል፤ ደዋዩም አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።

የሞተ የኩላሊት ማጣሪያ ተመልሶ አይበቅልም። የቀረውን ማዳን ግን ይቻላል፤ ጅማሬውም በሚገባ ቋንቋ የቀረበ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።